ባህር ዳር ውስጥ ቤት ስታወዳድሩ ኪራዩን ብቻ አትዩ፦ ያየናቸው ሰፈሮች ከነውኃቸውና ከነመንገዳቸው

ባህር ዳር ውስጥ ቤት የምትፈልጉ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ደላላው የነገራችሁን ዋጋ ብቻ ይዛችሁ አትወስኑ። ርካሽ የተባለው ቤት በውኃ፣ በባጃጅና በመድኃኒት ቀስ እያለ ገንዘባችሁን ይወስደዋል። ውድ የተባለው ደግሞ ሁሉ ነገር ሲደመር አንዳንዴ ይረክሳል። እኔ የምተዳደረው በቧንቧ ሥራ ነው። ጣሪያ ላይ ሮቶ ስሰቅል፣ የተዘጋ መጸዳጃ ስከፍት፣ ሴፕቲክ ታንክ ሞላ ተብዬ ስጠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰው ቤት ገብቶ ሴራሚኩንና ኮርኒሱን ሲያይ፣ እኔ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ቧንቧው ነው።

ባለፈው ክረምት ተራው የእኛ ሆነ። አከራያችን ልጃቸውን ሊድሩ ስለነበር ቤቱን ፈለጉት። በደህና ተሰነባበትን፣ ፍለጋም ወጣን። ቤተሰባችን አምስት ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና እናቴ። ባለቤቴ ነርስ ናት፣ የማታ ተረኛ ትሆናለች። ልጆቹ የሚማሩት መሃል ከተማ ነው። እናቴ ከዳንግላ መጥታ አብራን ትኖራለች፣ ጉልበቷን ያማታል። እኔ ዕቃዬን በብስክሌት ጭኜ ነው ከቤት ቤት የምዞረው። የምጽፈው የሁሉንም ሰፈር ታሪክ ሳይሆን እንደኛ ያለ ቤተሰብ ያየውን ነው። ዋጋዎቹም እኛን የጠየቁን ናቸው። እናንተ ስትሄዱ ሌላ ሊሏችሁ ይችላሉ።

ብስክሌቱን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ሜዳ ናት፣ ዳገት የላትም ማለት ይቻላል። መሃሉ ደግሞ በ1950ዎቹ ጀርመኖች ባወጡት ማስተር ፕላን የተመራ ነው። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ዘንባባው ጥላ አለው፣ በእግርም በብስክሌትም ይኬዳል። ይሄ ለእኔ ትልቅ ሀብት ነው። ጎንደርና ደሴ ያሉ ዘመዶቼ ልጃቸውን በብስክሌት ትምህርት ቤት ልላክ ቢሉ ዳገቱ አያስኬዳቸውም። እዚህ ይቻላል። ስለዚህ አንድ ቤት ከዚህ ሜዳና ከዚህ ሰፊ መንገድ ምን ያህል ይርቃል የሚለው የኪራዩ አካል ነው ብዬ አስባለሁ።

መጀመሪያ የሄድነው በጣም ርካሹን ልናይ ነው። በሰባታሚት በኩል፣ በአዴት መንገድ። ሦስት ክፍል፣ ሰፊ ግቢ፣ ጎመን የሚተከልበት ቦታ፣ 6,000 ብር። ባለቤቴ ግቢውን ስታይ ደስ አላት። እውነትም ደስ ይላል፣ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው። ውኃ ግን በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል አሉን፣ እሱም ሲቀናው። ቀሪውን በአህያ ጋሪ ከሚመጣው ጀሪካን ነው የሚገዙት። ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረስና መመለስ፣ ባለቤቴን ማታ ሆስፒታል ማድረስ፣ ሁሉም ባጃጅ ነው፣ ማታ ደግሞ ኮንትራት። እዚያው ግቢው ውስጥ ቆመን በስልኬ ደመርኩት። ለትራንስፖርት ወደ 6,500፣ ለውኃ 1,500። ስድስት ሺህ የተባለው ቤት አሥራ አራት ሺህ ሆነ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ባለቤቴ የምትሠራው ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ አወራችሁ ነበር። ሆስፒታሉ በዚሁ አቅጣጫ ስለሆነ መንገዷ ያጥር ነበር። ሥራችሁ ወዳለበት ሂዱ የሚባለው ለዚህ ነው። ዘንዘልማም እንደዚሁ ነው። የዩኒቨርሲቲው የግብርና ግቢ እዚያ ስላለ፣ ግቢው ውስጥ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ነው። መሃል ለሚሠራ ግን ሩቅ ነው።

ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ፣ ክልላችን ውስጥ ግጭት ከተነሳ ወዲህ፣ ሰው ቤት ሲመርጥ የማታ መንገድን ያያል። ድሮ ጨለማ ላይ ከዳር ሰፈር መመለስ ማንንም አያሳስብም ነበር። አሁን ባጃጅ መቼ ሊቆም እንደሚችል አይታወቅም። የማታ ተረኛ የሆነች ሚስት ያለው ሰው ይሄን በብር መተመን አይችልም። እኔም አልተመንኩትም፤ ከዳር ሰፈሮች ሁሉ ያራቀን ግን እሱ ነው።

ከዚያ መሃል ገባን፣ ጊዮርጊስ አካባቢ። ትልቅ ግቢ ነው፣ መሃሉ ላይ የማንጎ ዛፍ አለ። አከራዩዋ አሮጊት እናት ናቸው። «ግቡ ልጆቼ፣ ቤቱስ የትም አይሄድ፣ መጀመሪያ ቡና ጠጡ» አሉን። ሁለት ክፍል፣ 9,000 ብር። ቤቱ የጭቃ ነው፣ በሲሚንቶ የተለሰነ። የጭቃ ቤት አትናቁ። በመጋቢትና በሚያዝያ የባህር ዳር ሙቀት ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ፣ ብሎኬት ቤት ውስጥ እንቅልፍ ያስቸግራል። የእሳቸው ቤት ግን ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ከውጭ ስትገቡ ቅዝቃዜው ይታወቃችኋል።

ቧንቧውን ከፈትኩት። መጀመሪያ የወጣው ውኃ ቡናማ ነበር። ይሄ የድሮ የብረት ቧንቧ ምልክት ነው። ከውስጥ ዝጎ ውኃው ሌሊቱን እዚያ ሲያድር ዝገቱን ይዞ ይወጣል። ጥቂት ደቂቃ ከፈሰሰ በኋላ ይጠራል። ዝገቱ ግን ቧንቧውን ከውስጥ እያጠበበው ስለሚሄድ፣ ከዓመት ዓመት ግፊቱ ይቀንሳል። መሃል ከተማ የቆዩ ግቢዎች ውስጥ ይሄን ብዙ ጊዜ አያለሁ። መፍትሔው ከቆጣሪው እስከ ቤት ያለውን መስመር በፕላስቲክ ቧንቧ መቀየር ነው። አከራይ ያንን ያደርጋል ወይ ብላችሁ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ከገባችሁ በኋላ ማን ይሰማችኋል።

መጸዳጃው የጋራ ነው፣ ለአራት ቤት። ከዚህ በቀር ያንን ሰፈር የምወቅስበት የለኝም። እናቴ በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ትደርሳለች። ጣና ቅርብ ነው፤ ጠዋት በማለዳ ወርዶ ከአጥማጆች እጅ ቀረሶ መግዛት ይቻላል። ገበያው፣ ፋርማሲው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሁሉም በእግር ነው። እናቴ «እዚሁ እንቅር» አለች። አምስት ሰው በሁለት ክፍል አልሆን ብሎን ነው የተውነው። ብቸኛ ሰው ወይም አዲስ ተጋቢ ብሆን ኖሮ ሌላ ቤት አልፈልግም ነበር።

ቀጥሎ ኮንዶሚኒየም። ከመሃል ብዙ አይርቅም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ፣ 12,000 ብር። ቤቱ ንጹሕ ነው። ጥበቃ አለው፣ ማታ ግቢው መብራት አለው፣ ልጆች ታች እየተጫወቱ ከመስኮት ይታያሉ። ትንኝም ከታች ቤት ይልቅ ይቀንሳል። ልጆቼ ወደዱት። እኔ ግን ቀጥ ብዬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ሁለት ትልልቅ በርሜል ተደርድሯል። በርሜል ያለበት ቤት ውኃ የሌለበት ቤት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃ 10 ሜትር ከፍ እንዲል አንድ ባር ግፊት ይፈልጋል። ሦስተኛ ፎቅ ከመሬት ወደ 10 ሜትር ይጠጋል። ቀን ሁሉም ሰፈር ቧንቧ ሲከፍት የመስመሩ ግፊት ይወርዳል፣ ስለዚህ ምድር ቤት ያለው ሰው ሲቀዳ ሦስተኛ ፎቅ ያለው አየር ነው የሚሰማው። ሌሊት ሰው ሲተኛ ግፊቱ ይመለሳል። ያን ጊዜ ተነስቶ መቅዳት ነው። ሊለቅ የነበረው ተከራይ ወጣት ነው፣ ሳይደብቅ ነገረኝ። «ጋሼ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አላርም ሞልቼ ነው የምተኛው» አለኝ። ነርስ ሚስት ያለችኝ ሰው ነኝ፤ እሷ ተረኛ ሆና እኔ ሌሊት ባልዲ ስሞላ ታየኝ።

ደላላው ወዲያው «ሮቶ በረንዳው ላይ አስቀምጡ» አለ። ይሄን ምክር አትስሙ። 1,000 ሊትር ውኃ አንድ ቶን ይመዝናል። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ለሰውና ለልብስ ማስጫ እንጂ ለአንድ ቶን አልተሠራም። ይህን ስናገር ደላላው ሳቀ፤ እኔ ግን በሙያዬ ከማልታገስባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ፎቅ ላይ ሮቶ የምታስቀምጡ ከሆነ መሐንዲስ ሳያይ አይሁን።

እናቴን ደረጃውን አስወጣናት። እየቆመች፣ እየተነፈሰች ወጣች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ተደግፋ «ልጄ፣ እዚህ ከገባሁ ለፋሲካ ካልሆነ አልወርድም» አለች። በዚያው ተቆረጠ። እንጀራ መጋገሪያውም ጉዳይ ነበር፤ ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፣ የጋራው ማብሰያ ቤት ደግሞ ታች ነው። ለበዓል በግ ማረድም ታች ወርዶ ነው። እግር ላለው ወጣት ቤተሰብ ይሄ ሁሉ ቀላል ነው። አንደኛ ፎቅ ወይም ምድር ቤት ከተገኘ ደግሞ ኮንዶሚኒየምን ሳልፈራ እመክራለሁ።

ሽምብጥ ስለ አየነው ቪላ ብዙ አልልም። ቆንጆ ነው። የግቢው አበባ፣ የሐይቁ ነፋስ፣ የመንገዱ ጸጥታ፣ ሁሉም ሸጋ ነው። 24,000 ብር። የባለቤቴ ደመወዝና የእኔ ገቢ ተደምሮ ለኪራይ ከሦስት አንድ እጁ በላይ እንዳይሄድ ተስማምተን ነበር፣ ይሄ ከዚያ ያልፋል። አመስግነን ወጣን። ፔዳ አካባቢም ጥቂት አየን። ዩኒቨርሲቲው ስላለ ግቢዎቹ ለተማሪ በክፍል በክፍል የተከፋፈሉ ናቸው። ለተማሪ ምግቡም፣ ፎቶ ኮፒውም፣ ወሬውም እዚያ ነው። ለቤተሰብ ግን የሚሆን ሙሉ ቤት አላገኘንም።

አሁን ወደ አባይ ማዶ ልምጣ። ብዙ የምለው ስለ እሱ ነው።

አባይ ማዶ ድሮ «ከወንዙ ወዲያ» ይባል የነበረ ሰፈር ነው። ሰው ኪራይ ረክሶለት እዚያ ይገባና ጠዋት ድልድዩ ላይ ይቆም ነበር። አሮጌው ድልድይ ጠባብ ነው፤ ወደ ጎንደር የሚወጣው አይሱዙም፣ ባጃጁም፣ ጋሪውም፣ እግረኛውም በእሱ ነበር። በግንቦት 2016 አዲሱ የአባይ ድልድይ ተመረቀ። 380 ሜትር ይረዝማል፣ ሰፊ ነው፣ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው። ለእኔ እንደ ብስክሌተኛ ይሄ ሰፈሩን በሙሉ ቀይሮታል። ልጆቼ አሁን ከመኪና ጋር ሳይጋፉ ያልፋሉ። የቤት ዋጋም ይህን አውቋል፤ ድልድዩ አጠገብ ያለው ኪራይ ከፍ ብሏል፣ ወደ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ይወርዳል። እኛም ሁለቱንም አየን።

ወደ ውስጥ ያለው አዲስ የማኅበር ቤት ነው። በ150 ካሬ ላይ የተሠራ፣ ባለ ሦስት መኝታ፣ ሴራሚክ የለበሰ፣ ጂፕሰም ኮርኒስ፣ 9,500 ብር። ሰው ሁሉ «እንዴት አመለጣችሁ?» ይለናል። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ እንደዚህ ያሉ ቤቶች ብዙ ናቸውና ይጠቅማችኋል።

አንደኛ ነገር፣ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚሄድ ስንጥቅ ነበረው። ደላላው «የቀለም ነው» አለ። የቀለም ስንጥቅ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። ይሄ ሳንቲም ያስገባል። የመኝታ ቤቱ በርም አልዘጋ ብሎ መሬቱን ይፍቃል። ባህር ዳር ብዙ ቦታ ጥቁር አፈር ነው። ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ ጠንካራ መሬት ላይ ካላረፈ፣ ቤቱ በየዓመቱ አብሮ ይነሳል ይወርዳል። ቧንቧም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ መገጣጠሚያ ሲላቀቅ መጀመሪያ የምታውቁት በውኃ ቆጣሪ ሒሳብ ነው።

ሁለተኛውና ዋናው የጉድጓዱ ነገር ነው። ደላላው ግቢ ውስጥ የተቆፈረውን የውኃ ጉድጓድ እያሳየ «ውኃ አይቸግራችሁም» አለን። እውነት ነው፣ ሐይቁና ወንዙ ቅርብ ስለሆኑ ጥልቅ ሳይቆፈር ውኃ ይወጣል። ችግሩ እሱ ነው። ባህር ዳር ውስጥ አብዛኛው ቤት ፍሳሹን የሚጥለው ግቢው ውስጥ ባለ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ጉድጓድ ነው። የውኃ ጉድጓድ ከዚያ ቢያንስ 15 ሜትር፣ ቢቻል 30 መራቅ አለበት። አሁን 150 ካሬውን አስቡት። 10 በ15 ነው። እናንተ የራሳችሁን ብታራርቁ እንኳ የጎረቤታችሁ ሴፕቲክ አጥሩ ሥር ነው። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁት። ከጉድጓዱ እስከ ጎረቤት ሴፕቲክ ክዳን ስድስት ሜትር አይሞላም። ውኃው ጥርት ያለ ነው፣ ሽታ የለውም። ዓይን ግን ጀርም አያይም። ለልብስና ለወለል ጥሩ ነው። ለመጠጥ፣ ለአትክልት ማጠቢያ፣ ለሕፃን ጡጦ ግን በፍጹም። አፍልተው የሚጠቀሙ ሰዎች አውቃለሁ፣ ያ ጥሩ ነው፤ ግን ለአምስት ሰው በየቀኑ ውኃ ማፍላት የኤሌክትሪክና የከሰል ወጪ ነው።

ባለቤቴ በሥራዋ የምታየው የሆድ በሽታ ስላለ፣ ይህን ስነግራት ክርክር አላስፈለገም።

የገባንበት ቤት ከድልድዩ ቅርብ ያለው ነው። አሮጌ ቤት ነው፣ ሁለት መኝታ፣ ሳሎንና ጠባብ ወጥ ቤት፣ 11,000 ብር። ሲታይ ከማኅበሩ ቤት ያንሳል። ወለሉ ሊሾ ነው፣ ኮርኒሱ አቡጀዴ። አከራያችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ግቢው ውስጥ በሌላው ቤት ይኖራሉ። እዚያው የሚኖር አከራይ ውኃ ሲጠፋ አብሮ ይጠማል፤ ስለዚህ ያስባል። 2,000 ሊትር ሮቶ በሦስት ሜትር የኮንክሪት ማማ ላይ ሰቅለዋል። ቂጡ በደንብ ተቀምጧል፣ ክዳኑ አለ፣ ማጽጃ ቫልቭ አለው። «አያ፣ ማን ነው የሠራልዎት?» አልኳቸው። ራሳቸው ቆመው ነው ያሠሩት።

ሒሳቡን እንዲህ አድርጉት። አንድ ሰው ሳይሰስት በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም፣ አምስት ሰው 250 ነው። ሁለት ሺህ ሊትር ስምንት ቀን ይቆያል። ውኃ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢመጣ በቂ ነው፣ አንዴ ቢመጣም እንደርሳለን። አንድ ሺህ ሊትር ቢሆን አራት ቀን ነው፤ አራተኛው ቀን ላይ ጀሪካን ፍለጋ ትወጣላችሁ። አንድ ጉድለቱን ልናገር፤ ሦስት ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነው። ሻወሩ ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም። ልጆቹ በባልዲ ነው የሚታጠቡት።

ሴፕቲኩ ከመንገድ በኩል ነው ያለው፣ የፍሳሽ መኪና ቆሞ ቱቦውን ሊያስገባ ይችላል። ይሄን ማንም አይጠይቅም። እኔ ግን መኪና የማይገባበት ቅያስ ውስጥ ሴፕቲክ ሞልቶ ቤተሰብ ሲጨነቅ አይቻለሁ። የጣና ውኃ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ነው ከፍ የሚለው፣ የከርሰ ምድሩም ውኃ በዚያ ወቅት ይነሳል። በበጋ ደህና የነበረ ጉድጓድ ያን ጊዜ ይሞላል። ቤት የምታዩ ከሆነ በነሐሴ ወይም በመስከረም እዩ። በጥር ሁሉም ቤት ደረቅ ነው። በጥር ካያችሁ ደግሞ ግድግዳውን ከወለል እስከ ጉልበት ተመልከቱ። ታች ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ እርጥበት ተሸፍኗል ማለት ነው።

ድምሩን ላስቀምጥ። የሰባታሚቱ 14,000 ነበር። የአባይ ማዶ የማኅበር ቤት ኪራዩ 9,500፣ መንገዱ 3,200፣ የመጠጥ ውኃው 900፣ ድምር 13,600። ኮንዶሚኒየሙ 12,000፣ መንገድ 800፣ ጥበቃና ውኃ 400፣ ድምር 13,200። የገባንበት 11,000፣ መንገድ 1,400፣ ውኃ 200፣ ድምር 12,600። ደላላው ከአራቱ ሁለተኛው ውድ ያለን ቤት በወር መጨረሻ ከሁሉም ረከሰ። ባለቤቴ ማታ ስትወጣ መንገዱ አጭር ነው፣ ሰው አለበት። ይሄ ከድምሩ ውጭ ነው።

ስለ ውል ደግሞ አንድ ነገር። የማኅበሩ ቤት አከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠይቀውን ነበር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራበት የሚወስኑት ክልሎች ናቸው፣ ስለዚህ ቀበሌያችሁን ጠይቁ። ባይሠራበትም እንኳ ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ። ውሉ ላይ ውኃና መብራት በማን ቆጣሪ እንደሆነ፣ ቧንቧ ሲበላሽ ማን እንደሚያሠራ፣ ሴፕቲክ ሲሞላ ማን እንደሚያስመጥጥ ይጻፍ። የኋለኛው ብዙ ጎረቤት ሲያጣላ አይቻለሁ። እኛ ከመምህሩ ጋር ግማሽ በግማሽ ብለን ጽፈናል።

ለመግዛት የምታስቡም ትኖራላችሁ። አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ «እዚህ በምከፍለው ኪራይ እዚያ ግቢ ሙሉ እከራያለሁ» እያለ በየስልኩ ይነግረኛል፤ መግዛትም ያምረዋል። ለእሱ የነገርኩትን ልንገራችሁ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የቧንቧ ዕቃ ዋጋ በጣም ጨምሯል። ጅምር ቤት ገዝቶ እጨርሰዋለሁ የሚል ሰው የማጠናቀቂያውን ወጪ አሳንሶ እንዳይገምት። ካርታው ነባር ይዞታ (ከሊዝ በፊት የተያዘ መሬት) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ) የሚለውን እዩ። የመኖሪያ ሊዝ 99 ዓመት ነው፣ ግን ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ አብሮ ሊመጣ ይችላል። ብር ከመስጠታችሁ በፊት ፋይሉ ላይ ዕዳና እግድ አለመኖሩን መሬት ቢሮ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ስም ሲዛወር ሁለት በመቶ የቴምብር ቀረጥ እንዳለም አትርሱ። ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ ከሆነ ደግሞ አንድ ክረምት ያለፈበትን ግዙ። ስንጥቁ ካለ ብዙ ጊዜ እስከዚያ ይወጣል።

ቤታችን እንከን የለውም አልልም። ወጥ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ባለቤቴ ምጣዱን በረንዳ ላይ ነው የምትጥደው። በጎንደር መንገድ የሚያልፈው ከባድ መኪና ሌሊት ይሰማል፣ በበጋ አቧራውም ይገባል። መብራት ይጠፋል፣ ያ ግን የትም ሰፈር ነው። ወንዙ ቅርብ ስለሆነ ትንኝ አለ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚነሳበት ጊዜ ነውና አጎበር ሳንዘረጋ አንተኛም፤ እናንተም ሐይቁ ወይም ወንዙ አጠገብ ከተከራያችሁ የአጎበር ማንጠልጠያ ቦታ መኖሩን እዩ። ወንዙን በጣም ተጠግቶ ባለው ቤት በኩል ደግሞ ጉማሬ ማታ ሣር ፍለጋ ይወጣል፣ ልጆች በምሽት ወደዚያ እንዳይሄዱ ነግረናቸዋል።

ያም ሆኖ እናቴ አሁን ጠዋት ጠዋት ያለ ደረጃ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። ልጆቹ በብስክሌት ድልድዩን ተሻግረው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ባለቤቴ ከተረኝነት ስትመለስ ውኃ አለ።

ብቻችሁን ከሆናችሁ ወይም ሁለት ብቻ ከሆናችሁ መሃል ከተማ አሮጌ ግቢ ፈልጉ። ወጣት ቤተሰብ ከሆናችሁ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ። አረጋዊ ወላጅ ካላችሁ አባይ ማዶ፣ ከድልድዩ ሳይርቅ። ዳር ሰፈር ሥራው እዚያው ላለ ሰው ነው። የትኛውንም ብትመርጡ ግን ደላላው በሌለበት ሊለቅ ያለውን ተከራይ ለብቻው አነጋግሩት። ውኃ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጠይቁት፤ ከዚያ በዚያ ቀንና በዚያ ሰዓት ተመልሳችሁ ሄዳችሁ ቧንቧውን ራሳችሁ ክፈቱት።